ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ሱቅ ልትከራዩ ላሰባችሁ፦ «ፓርኪንግ አለው፣ ታክሲ በሩ ላይ ነው» ሲሏችሁ

ወገኖቼ፣ በደብረ ብርሃን ማስፋፊያ ሰፈሮች ከተሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ሱቅ ወይም ቢሮ ለመከራየት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ስድስት ወር ከስሬ ባለፈው ሳምንት ቁልፍ መልሼ ወጥቻለሁ። ሕንፃውንም ባለቤቱንም በስም አልጠራም። ከሌሎች ተከራዮች ጋር ሳወራ ነገሩ የአንድ ሕንፃ ብቻ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። ደላሎቹ የሚናገሯት ቃል እንኳ አንድ ናት፤ ርእሱ ላይ የጻፍኳት ናት።

የምሸጠው የመንዝ ባና፣ በርኖስ፣ ጋቢና ምንጣፍ ነው። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው፤ በፌስታል አንጠልጥለውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም፤ ይከብዳል። ደንበኞቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚያልፉ ባለመኪናዎች ናቸው። 130 ኪሎ ሜትር ነድተው እኛ ጋ ሲደርሱ ቁርስ ይበላሉ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሯቸውን ቆንጠጥ ሲያደርጋቸው ባና ትዝ ይላቸዋል። ሁለተኞቹ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከአንኮበር በአውቶቡስ መጥተው መናኸሪያ የሚወርዱ ናቸው፤ የሠሩትን ባና ያስረክቡኛል ወይም ለሠርግ ጋቢ ገዝተው ይመለሳሉ። የመጀመሪያው መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ባጃጅ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ሱቁ ወርቅ ቢሆንም አይረባኝም።

የድሮ ሱቄ መሐል ከተማ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ሞልታለች፤ ከየቦታው የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም ተጠግተውናል። ሬጂዮፖሊታን የሚባለውን ከፍ ያለ የከተማ ደረጃ ካገኘች በኋላ ደግሞ የመሐል ኪራይ የሚቀመስ አልሆነም። አከራዬ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሲጠይቁኝ ነው ወደ ዳር ማየት የጀመርኩት። ከተማ ሲሰፋ ሕንፃው ይቀድማል፤ አስፋልቱ፣ ፌርማታው፣ የመኪና ማቆሚያው ቆይቶ ይከተላል። በመሐል ያሉትን ዓመታት የሚከፍላቸው ተከራይ ነው። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው እንጂ ያኔ አላወቅሁትም።

ደላላው ሱቁን ያሳየኝ በግንቦት፣ ቅዳሜ ዕለት ረፋድ ላይ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው። ባጃጁ እንደ ጉንዳን ይመላለሳል፣ ከገጠር የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። «ይኸው እኅቴ፣ በዐይንሽ እያየሽ ነው፤ ታክሲ በርሽ ላይ ነው» አለኝ። ምድር ቤቱን ደግሞ ከላይ ሆኖ በእጁ አመለከተኝ፤ «ሃያ መኪና ይይዛል»። በእግሬ እንኳ ወርጄ አላየሁትም። ባለቤቱ «የመናኸሪያው ነገርም ወደዚህ ሊዞር ነው፣ ተጠንቶ አልቋል» ብለው ጨመሩበት። ጋሼ እያልኩ የማከብራቸው፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸውና አመንኳቸው።

ኪራዩ በወር 14,000 ብር፣ የመኪና ማቆሚያው ለብቻው 1,200 ብር። ስድስት ወር ቅድሚያ ተባልኩና 91,200 ብር በአንድ ቀን አስገባሁ። የአንድ ወር መያዣ፣ የደላላ፣ የመደርደሪያ ሥራው ሲጨመር ለዓመታት ያጠራቀምኩት ሁሉ አለቀ።

ሰኞ ሱቄን ከፈትኩ። ሰኞ ባጃጅ አልነበረም። ማክሰኞም አልነበረም። አንዱን ልጅ አስቁሜ ለምን ወደዚህ እንደማይመጡ ጠየቅሁት። «እናቴ፣ መስመሬ እዚያ አስፋልቱ ጋ ያበቃል። እዚህ ድረስ ሦስት ሰው ጭኜ ብመጣ ባዶዬን ነው የምመለሰው፤ ነዳጁንስ ማን ይችለኛል? ቅዳሜ ግን መመለሻ ሰው አለ» አለኝ። ልጁ ልክ ነው። ባጃጅ የሚሄደው የሚመለስበት ሰው ወዳለበት ነው። ሰፈሩ እስኪሞላ ድረስ ማንም ደላላ ምሎ ቢገዘት ባጃጁን አያመጣውም። ያለው አማራጭ ኮንትራት ነው፤ ለአንድ ጉዞ 120 ብር የከፈልኩበት ቀን አለ።

ከዚያ ሰኔ ገባ። ከአስፋልቱ እስከ ሕንፃው ያለው መንገድ ገረጋንቲ የለበሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሥሩ መረሬ፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር ነው። የእኛን አገር መረሬ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ሲገባ ጫማ ይውጣል። ኮንትራት እንኳ እምቢ ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ከሞላሌ የሚመጡ፣ ለዓመታት ባና ሲያስረክቡኝ የኖሩ እናት ሁለት ባና በትከሻቸው ተሸክመው በር ላይ ቆሙ። ባጃጁ አስፋልቱ ጋ አውርዷቸው ያንን ሁሉ ጭቃ በእግራቸው መጥተዋል። የባናው ጫፍ መሬት እየነካ ጭቃ ጠጥቷል፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘውታል። ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄ፣ ምን ቆርጦሽ እዚህ መጣሽ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እግራቸውን አጥቤ ሻይ አፍልቼ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ባናቸውን የሚያስረክቡት መሐል ከተማ ላለ ሌላ ነጋዴ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ስለ ምድር ቤቱ ልንገራችሁ። ወርጄ ያየሁት ውል ከፈረምኩ በኋላ ነው። ግማሹ የሲሚንቶና የብረት መጋዘን ሆኖ ተከራይቷል። በቀረው ላይ የጄነሬተር ቤትና የጥበቃዎቹ ማደሪያ አለ፤ ከዚያ የተረፈው ለአራት መኪና ይሆናል፤ የሚቆሙበትም የባለቤቱና የቤተሰባቸው መኪኖች ናቸው። መውረጃው በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን ይገጨዋል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ተንደርድሮ የሚገባው እዚያው ነው። እኔ ግን በየወሩ 1,200 ብር የከፈልኩበት ቦታ ነው።

ነሐሴ ላይ የሆነውን ግን አልረሳውም። አንድ ሰው ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ከአዲስ አበባ መጣ። ምድር ቤቱ መግቢያ ላይ ሲሚንቶ የሚያራግፍ አይሱዙ ቆሞ ስለነበር መኪናውን በር ላይ፣ መንገዱ ጥግ አስጠግቶ አቆመ። ትልቁን ባና ወለሉ ላይ ዘረጋሁላቸው፤ ልጁ ላዩ ላይ ተንከባለለ፣ እናትየው በእጇ እየዳበሰች «ይሄንን ነው የምንወስደው» አለች። ዋጋ ጨርሰን ላጣጥፈው ጎንበስ ስል ውጭ ፊሽካ ተነፋ። ስንወጣ ትራፊክ ፖሊሱ በፒንሳ የኋላ ታርጋውን እየፈታ ነው። ሰውየው ለመነ፣ እኔም ለመንኩ። ፖሊሱ መንገዱ ጠባብ መሆኑን፣ አይሱዙና የቆመ መኪና ጎን ለጎን ሆነው አምቡላንስ እንኳ እንደማያሳልፉ አስረዳን። እውነቱን ነው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «ቦርዱ ላይ ፓርኪንግ አለ ይላል እኮ» አለኝ። ታርጋውን ሊያስመልስ ሲሯሯጥ ዋለ፤ ባናውም ሳይሸጥ ቀረ። ያች ልጁን አቅፋ በካፊያው የቆመች እናት ዛሬም ፊቴ ላይ ትመጣለች።

የሕንፃውን ባለቤት በሽማግሌ አነጋገርኳቸው። መልሳቸው አንድ ነው፤ «ውሉ ላይ የት አለ?» ውሉን አውጥቼ አነበብኩት። ሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ «ተከራይ የሕንፃውን የጋራ መገልገያዎች እንደ ሁኔታው ይጠቀማል» ይላል። «እንደ ሁኔታው»! ስፈርም ዐይኔ ሥር ነበረች፤ አላየኋትም። ደረሰኙም ላይ የመኪና ማቆሚያ የሚል የለም፤ 1,200 ብሩ «ልዩ ልዩ አገልግሎት» ተብሏል።

የሕግ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። የነገሩኝን እናንተም እወቁት። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2005 ላይ፣ በጽሑፍ የሰፈረ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ለያዘው ቃል ማስረጃ ነው ይላል። ደላላው በቃል ያለኝን በምስክር ልጨምርበት ብል አስቸጋሪ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁስ አልኳቸው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ ለንግድ ሱቅ የተከራየ ሰው በዚያ በር ለመግባት ይቸግረዋል አሉኝ። ቅድሚያ ክፍያን ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ የገደበው አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም የመኖሪያ ቤት ኪራይን እንጂ ሱቅን አይመለከትም። ስለዚህ እኛ ነጋዴዎች ያለን መከታ ውላችን ነው፤ እሱ ላይ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ቁጠሩት።

እንግዲህ እባካችሁ፣ ቅዳሜ «ነይ እይው» ሲሏችሁ ማክሰኞ እመጣለሁ በሉ። አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሂዱና አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማችሁ ያለ ኮንትራት ስንት ባጃጅ እንደሚያልፍ ቁጠሩ። ምሽቱን አትዝለሉት። በኅዳር ሱቅ ዘግቼ በዚያ ውርጭ አስፋልቱ ድረስ ብቻዬን ስሄድ የነበረውን ፍርሃት ለማንም አልመኝም። ደላላውን ትታችሁ መናኸሪያ ያለውን ተራ አስከባሪና ራሳቸውን ባለባጃጆቹን ጠይቁ፤ ከደላላው ይልቅ እነሱ መንገዱን ያውቁታል። «መናኸሪያ ይዞራል፣ አስፋልት ይመጣል» ለሚለው ወሬ አምስት ሳንቲም አትክፈሉ። ሲመጣ ያን ጊዜ ኪራይ ይጨምሩባችሁ።

ፓርኪንግ አለ ካሏችሁ መኪና ተውሳችሁም ቢሆን ነድታችሁ ግቡ፣ አዙራችሁ ውጡ። የጸደቀውን ፕላን አሳዩኝ በሉ። ምድር ቤቱ በፕላኑ ላይ መኪና ማቆሚያ ተብሎ ዛሬ መጋዘን ከሆነ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እኔ ስድስት ወር ዘግይቼ ነው የጠየቅሁት። ውሉ ላይ ደግሞ እንዲህ ተብሎ ይጻፍላችሁ፦ «አከራይ በምድር ቤቱ በቁጥር ተለይተው የተመለከቱትን ሁለት የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ለተከራይ ደንበኞች ክፍት ያደርጋል፤ ይህ ባልተፈጸመበት ወር ከኪራዩ ላይ ይህን ያህል ብር ይቀነሳል።» ብሩን በቁጥርም በፊደልም አስገቡት። ይህን ለመጻፍ እምቢ ያለ አከራይ ቦታው የለውም።

ቁልፍ ልመልስ የሄድኩ ዕለት በሩ ላይ «የሚከራይ ሱቅ፣ በቂ ፓርኪንግ ያለው» የሚለው ወረቀት እንደገና ተለጥፎ አገኘሁት። አንዲት ወጣት የሴቶች ፀጉር ቤት ልትከፍትበት ከዚያው ደላላ ጋር ቆማለች። እጇን ይዤ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ የተኛውን ውኃ አየች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ፣ «ወንድሜ፣ ማክሰኞ ማታ ተመልሼ እመጣለሁ» አለችው።