በቁርጥ፣ በመቶኛ ወይስ በየደረጃው? አዳማ ላይ ለፍቺና ለንብረት ክርክር ጠበቃ ለሚይዙ

ታላቅ እህቴ ከባለቤቷ ጋር ስትለያይ የፈረመችው የጥብቅና ውል አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ከዋጋው በታች «ጠበቃው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይከታተላል» ይላል። እኛ መጨረሻ ያልነው ድርሻዋ እጇ የሚገባበትን ቀን ነው፤ ጠበቃው መጨረሻ ያለው ፍርድ የሚነበብበትን። ባለቤቷ ይግባኝ ሲል ሌላ ክፍያ ተጠየቀች፤ ፍርዱ ይፈጸም ሲባል ደግሞ ሌላ። ውሉ ስለ ሁለቱም አንዲት ቃል ስላልጻፈ የምንከራከርበት ነገር አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጠበቃ ሊይዝ ሲነሣ አብሬ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ተምሬአለሁ፦ «ስንት ያስከፍላሉ?» ከማለት በፊት ነገሩን መበተን ያስፈልጋል። «የፍቺ ጉዳይ» የምንለው በአንድ ዋጋ የሚገዛ አንድ ዕቃ አይደለም። ፍቺው አለ፣ የልጆች አስተዳደግና ቀለብ አለ፣ የንብረት ክፍፍል አለ። የጠበቃ ጉልበት የሚያስፈልገው በሦስቱም እኩል አይደለም።

ፍቺው ላይ ዳኛው ባልና ሚስቱን ራሳቸውን ማነጋገር ይፈልጋል፤ እንዲያስቡበትም ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ጠበቃ ቢይዙም ችሎት መቅረቱ አይቀርልዎትም። ሁለቱ በሽማግሌ ፊት ተስማምተው ስምምነታቸውን በጽሑፍ ካቀረቡ ለጠበቃ የሚተርፈው ሥራ ስምምነቱን በወጉ መጻፍ ነው፤ ለዚህ የሙሉ ክርክር ዋጋ መክፈል አይገባም። ንብረት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት በአንዱ ስም ቢመዘገብም ሕጉ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። የሰነድ፣ የምስክርና የግምት ትግሉ ያለው እዚህ ነው። ገንዘብዎን ለዚህ ያስቀምጡ።

አሁን ወደ አከፋፈሉ።

በቁርጥ ዋጋ መዋዋል ለአብዛኛው ሰው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስቀድሞ ስለሚያውቅ። ጥንካሬው ግን ውሉ ላይ በተጻፈው ልክ ነው። የትኛው ፍርድ ቤት ድረስ? ይግባኝ ይጨምራል? አፈጻጸምስ? የተጠራው ዋጋ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል ወይስ ደረሰኝ ሲቆረጥ ይታከላል? ክፍያውንም በአንድ ጊዜ አይስጡ፤ ሲዋዋሉ፣ ምስክር ሲሰማና ፍርድ ሲሰጥ ብሎ መከፋፈል የተለመደ ነው፤ ጥሩ ጠበቃም አይቀየምበትም።

በመቶኛ መዋዋል መጀመሪያ ላይ ኪስ ስለማይነካ ያማልላል። እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ብር የሚገመት ቤትና 1 ሚሊዮን ብር የሚገመት መኪና አለ እንበል፤ ጠበቃው 10 በመቶ ጠየቀ። ከጠቅላላው ንብረት ከሆነ 500 ሺህ ብር ነው። ከእርስዎ ግማሽ ድርሻ ከሆነ 250 ሺህ። ባልየው ደግሞ ቤቱ የጋራ መሆኑን አምኖ የሚከራከረው በመኪናው ብቻ ከሆነ፣ ጠበቃው በእርግጥ የሚታገልልዎት ለ500 ሺህ ብር ድርሻ ነው፤ የእሱ 10 በመቶ 50 ሺህ ብር ይሆናል። ያው «10 በመቶ» ነው፤ ልዩነቱ ግን አሥር እጥፍ። ስለዚህ «ከምኑ ላይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ያስጽፉ። «መቼ?» የሚለውም አለ። ቤት እስኪሸጥ ወይም አንዱ የሌላውን ድርሻ እስኪገዛ ጊዜ ይወስዳል፤ ክፍያው ፍርድ በተሰጠ ዕለት ከተባለ ገና ያልያዙትን ገንዘብ ተበድረው ሊከፍሉ ነው። ከልጅ ቀለብ ላይ መቶኛ መቁረጥን ደግሞ ከልቤ እቃወማለሁ። ያ ገንዘብ የልጁ ወተትና የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

በየደረጃው መክፈል፣ ማለትም ለክስ ማመልከቻው ይህን ያህል፣ ለምስክር መስማቱ ይህን ያህል እየተባለ፣ በስምምነት ሊያልቅ ለሚችል ጉዳይ ይስማማል፤ በመሐል ከታረቁ ያልተሠራ ሥራ አይከፈልበትም። ከዚህ የሚለየው በየቀጠሮው መክፈል ነው፤ እሱን አልመክርም። ዳኛ ሳይሟላ፣ መጥሪያ ሳይደርስ፣ መዝገብ ሳይቀርብ ቀጠሮ ሲለወጥ ሂሳቡ በእርስዎ ላይ ይቆጥራል።

ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉ ጸሐፊዎች ዘንድ ማመልከቻ ብቻ ማጻፍ ከሁሉም ይረክሳል፤ ለተስማሙ ሰዎች ይበቃል። ንብረት ካለ ግን ቢያንስ ማመልከቻውን ጠበቃ ያንብበው። ከክሱ የተረሳ ንብረትን በኋላ ለማስገባት መጣር ከመጀመሪያው ወጪ በላይ ያስወጣል።

አዳማ ላይ ብዙ ሰው የማያሰላው ወጪ የቋንቋ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ክስም መልስም በዚያው ይጻፋል፤ አማርኛ ብቻ የሚችል ተከራካሪ በችሎት በአስተርጓሚ ይሰማል። ሰነዶችዎ በአማርኛ ከሆኑ የትርጉሙ ወጪ የማን እንደሆነ ይነጋገሩ። ጠበቃው የጻፈውን ማመልከቻም ከመፈረምዎ በፊት ቃል በቃል በአማርኛ ያንብብልዎ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጠበቃ ስሙ ቢገንንም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚቀርበው። የትራንስፖርቱን ወጪ ማን እንደሚችል፣ አፋን ኦሮሞ መቻሉን፣ በክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚያሠራ ፈቃድ እንዳለውም ይጠይቁ። ደግሞም እዚህ የሚሠራበት ሕግ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው እንጂ አዲስ አበባ ላይ የሚያገለግለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አይደለም። እኔ ከሁለቱ እዚሁ አዳማ በየሳምንቱ ችሎት የሚቆመውን እመርጣለሁ።

አቅም ለሌለው ሰው በር ፈጽሞ አልተዘጋም። ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚያቆመው ለወንጀል ተከሳሽ ስለሆነ ፍቺ ላይ አይጠብቁት። ሆኖም የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም ድህነቱን ያስረዳ ሰው የዳኝነት ክፍያ፣ ማለትም ክስ ሲከፈት ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለውን፣ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። የዳኝነት ክፍያ በንብረቱ ግምት ልክ ስለሚያድግ ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

ደረሰኝ ሁሉ ይያዝ። የረታ ወገን ወጪና ኪሳራ መጠየቅ ይችላል፤ በባልና ሚስት ክርክር ግን «ግራ ቀኙ ወጪያቸውን ይቻቻሉ» የሚለው ትዕዛዝ እንግዳ ስላልሆነ ተመላሽ ይሆናል ብለው አይበደሩ።

ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ ስትዋዋል ውሉን ይዛልኝ መጣች። ቤቱ ላይ ባለቤቷ አይከራከርም፤ የተጣሉት በሱቁ ላይ ነው። በቁርጥ፣ በሦስት ክፍያ እንድትስማማ መከርኋት። «እስከ መጨረሻው» የሚለውን ሰርዘን ጠበቃው ራሱ በእጁ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ክፍያው በሱቁ ላይ የሚደረገውን ክርክር፣ ይግባኝ ቢባል መልስ መስጠትንና አፈጻጸሙን እስከ ርክክብ ድረስ ያጠቃልላል፤ ታክስና ትርጉም በዋጋው ውስጥ ነው።» ከዚያ ሁለቱም ከሥሩ ፈረሙ።