«15,300 ኪሎ ሜትር፣ 18 ሰዓት ተኩል» ተብሎ የሚሸጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ ለሩቅ ጉዞ ትኬት ልትቆርጡ ካሰባችሁ ይችን ሳታነቡ አትክፈሉ።

ከኒውዮርክ ጄ ኤፍ ኬ ወደ ሲንጋፖር ቻንጊ ለመሄድ ትኬት የገዛሁት ከአንድ የኦንላይን ሻጭ ነው። በትልቁ የተጻፈው «15,300 ኪሎ ሜትር፣ 18 ሰዓት ተኩል» የሚል ነበር። ቁጥሩ በራሱ ውሸት አይደለም። በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መስመር ያን ያህል ነው፤ የትም ሳያርፍ የሚሄደው አውሮፕላንም ከ18 ሰዓት በላይ ይበራል። ለእኔ የተሸጠልኝ ግን የዚያ በረራ ትኬት አልነበረም። የእኔ በለንደን በኩል የሚያልፍ ነው።

ለንደን ደግሞ ኤርፖርቷ ብዙ ነው። ትኬቱ «ለንደን፣ ቆይታ 4 ሰዓት» ይላል። የማርፈው ሂትሮው፣ የምነሳው ከጋትዊክ መሆኑን የሚናገሩት በደቃቅ የተጻፉት ኮዶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ኤል ኤች አር፣ ሌላው ኤል ጂ ደብሊው። በመኪና ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ይባስ ብሎ ሁለቱ በረራዎች የተለያዩ ትኬቶች ስለነበሩ ሻንጣዬ እስከ ሲንጋፖር አልተላከም። ኢሚግሬሽን ተሰልፌ፣ ሻንጣዬን ጠብቄ፣ በመንገድ መጨናነቅ ተይዤ ጋትዊክ ስደርስ ቼክኢን ተዘግቷል። የቆመችው ልጅ ወረቀቴን አገላብጣ አየችና «የመጀመሪያው በረራዎ እኛን አይመለከትም» አለችኝ። ሌላ ትኬት ከኪሴ ገዛሁ። ሻጩን ብጠይቅ «በውሉ ተስማምተው ነው የከፈሉት» የሚል አንድ መስመር መለሰልኝ። ለእንግሊዝ ቪዛ የሚጠየቅ ሰው ቢሆን ኖሮማ ከሂትሮውም አይወጣም ነበር፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ርቀትን ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፍሎ የሚወጣ ሰዓት የጉዞ ሰዓት አይደለም። ከኒውዮርክ ለንደን 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስትመለሱ ግን ከምዕራብ የሚነፍሰው የላይኛው ንፋስ ስለሚቃወም አንድ ሰዓት ያህል ይጨምራል። ከሄልሲንኪ ቶኪዮም እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ አየር ክልል ለአውሮፓ አየር መንገዶች ከተዘጋ ወዲህ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ደርሷል። ሁለቱ ከተሞች ግን ያው ባሉበት ናቸው።

የመነሻና የመድረሻ ሰዓትም በየአገሩ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ዝም ብላችሁ አትቀንሱ። ኒውዮርክና ሲንጋፖር እንደ ወቅቱ 12 ወይም 13 ሰዓት ይለያያሉ። «አጠቃላይ የጉዞ ጊዜ» የሚለውን ፈልጉ፤ ከሌለ ጠይቁ። ቀጥሎ ደግሞ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት፦ በረራዎቹ በአንድ የቡኪንግ ቁጥር ናቸው ወይ? ሻንጣዬ እስከ መጨረሻው ይላካል ወይ? የማርፍበትና የምነሳበት ኤርፖርት አንድ ነው ወይ? ለሦስቱም «አዎ» ብሎ ካልጻፈላችሁ ካርዳችሁን አታውጡ።