አንኪ ለውል ሕግ ፈተና፦ ጥሩ ነው፣ ካርዱን ግን ራሳችሁ ጻፉት

የውል ሕግ ፈተናዬ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው አንኪን ስልኬ ላይ የጫንኩት። አሁን ፈተናው አልፏል፣ ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፍ። የተማርኩት የእንግሊዝ ኮመን ሎው የውል ሕግ ነው፤ ማለትም አብዛኛው ነገር በኬዝ፣ ቀድሞ በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሚኖርበት፣ የኬዝ ስም ሳይጠሩ መልስ መጻፍ የማይታሰብበት ትምህርት።

አንኪ የፍላሽካርድ መተግበሪያ ነው። ፊት ላይ ጥያቄ፣ ጀርባ ላይ መልስ። ስሙ ጃፓንኛ ነው፣ በቃል መያዝ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አለ። ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። ጥበቡ ያለው ካርዱ ላይ ሳይሆን ቀጠሮው ላይ ነው። መልሱን ካያችሁ በኋላ አጌይን (እንደገና)፣ ሃርድ (ከባድ)፣ ጉድ (ጥሩ)፣ ኢዚ (ቀላል) የሚሉ አራት ቁልፎች ይመጣሉ። ያወቃችሁትን ካርድ እያራቀ፣ የረሳችሁትን እያቀረበ፣ ልትረሱት ስትሉ መልሶ ፊታችሁ ያመጣዋል። ማስታወሻን አሥር ጊዜ ከማንበብ ይህ በጣም ይሻላል፣ ምክንያቱም ስታነቡ የምታውቁት ይመስላችኋል፤ ካርዱ ሲጠይቃችሁ ግን ወይ ይወጣል ወይ አይወጣም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ያዙልኝ። ሃርድ ማለት «አስታወስኩት፣ ግን አስቸገረኝ» ነው። ረስታችሁት ሃርድ ከተጫናችሁ ፕሮግራሙ እንዳወቃችሁት ይቆጥረውና ቀጠሮው ሁሉ ይዛባል። ከረሳችሁ አጌይን ነው፣ በቃ።

ወደ ካርዶቹ ልምጣ። የጀመርኩት ሌላ ሰው ሠርቶ ባስቀመጠው ዴክ፣ ማለትም የካርድ ስብስብ፣ ነበር። ከ500 በላይ ካርድ፣ ሁሉም ርዕስ አለ፣ ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ካባከንኩ በኋላ ነው ችግሩ የገባኝ። አብዛኛው ካርድ የኬዝ ስም ጠርቶ «ካርሊል፣ 1893?» ይልና ጀርባው ላይ «ዩኒላተራል ኦፈር» (ድርጊቱን ለፈጸመ ሰው ሁሉ የቀረበ የውል ሐሳብ) ብሎ ያበቃል። እሺ፣ ከዚያስ? ፈተና ላይ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የፖስታ ደንቡ ኦፈርን ለመሻርም ይሠራል የሚል ካርድ ነበረበት። ይህ ስህተት ነው። በአዳምስ እና ሊንድሴል፣ 1818፣ የተያዘው የመቀበያ ደብዳቤ ፖስታ ቤት እንደገባ ውል ይፈጥራል የሚለው ነው። መሻሪያ ደብዳቤ ግን የሚሠራው ሲደርስ ነው። በበርን እና ቫን ቲንሆቨን፣ 1880፣ ሻጮቹ መሻሪያውን ጥቅምት 8 ፖስታ ውስጥ ከተቱ፣ ገዢዎቹ 11 ላይ በቴሌግራም ተቀበሉ፣ መሻሪያው የደረሰው 20 ላይ ነው። ውሉ ጸና። እኔ ይህንን ስህተት ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉድ የሚለውን ቁልፍ እየተጫንኩ በደንብ አጥንቼዋለሁ፤ አንኪ ትክክሉንም ስህተቱንም እኩል ነው የሚያስይዛችሁ።

ዴኩን አጥፍቼ የራሴን መጻፍ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ካርሊልን ልውሰድ። አንድ ኩባንያ ጉንፋን ይከላከላል ብሎ የሚሸጠውን የጭስ ኳስ በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ጉንፋን ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ ጋዜጣ ላይ አወጣ፤ ወይዘሮ ካርሊል ተጠቀመች፣ ታመመች፣ ከሰሰች። ከዚህ አንድ ኬዝ አራት ካርድ ወጣ። «ማስታወቂያ ነው፣ የምር አልነበረም» የሚለው መከራከሪያ ለምን ወደቀ? 1,000 ፓውንድ ባንክ አስቀምጠናል ብለው ስለጻፉ። «መቀበልሽን አላሳወቅሽንም» የሚለውስ? የተጠየቀችው እንድትጠቀም እንጂ እንድታሳውቅ ስላልሆነ። ለመላው ዓለም ኦፈር ማድረግ ይቻላል ወይ? በምላሹ እሷ ምን ሰጠች? እያንዳንዱ ካርድ «ለምን» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱም ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ካርዱን ለመጻፍ ፍርዱን ማንበብ ግድ ስለሚል፣ ግማሹ ጥናት ገና ካርዱ ሳይመጣ ያልቃል።

የምወደው ሌላ ነገር ደግሞ ደጋግማችሁ የምትረሱትን ካርድ ሊች ብሎ ምልክት ማድረጉ ነው። የኔ ሊች ሁሌም አንድ ቦታ ነበር፣ ኮንሲደሬሽን ላይ፤ ማለትም ለተገባ ቃል በምላሹ የሚሰጥ ነገር። ስቲልክ እና ማይሪክ፣ 1809፦ ሁለት መርከበኞች ጠፉ፣ ካፒቴኑ የጠፉትን ደመወዝ ለቀሩት አካፍላለሁ አለ፣ አልከፈለም፣ መርከበኛው ከሶ ተሸነፈ፤ ምክንያቱም ድሮም ግዴታው የነበረውን ነው የሠራው። ከዚያ ዊሊያምስ እና ሮፊ፣ 1991 ይመጣል። አናጢው 27 አፓርታማ ለመሥራት የተስማማበት ዋጋ አንሶበት ሥራው ሲጓተት፣ ዋናው ተቋራጭ በራሱ ፈቃድ 10,300 ፓውንድ ልጨምርልህ አለው፣ አናጢውም አሸነፈ። ተቋራጩ በመዘግየት የሚመጣ ቅጣት ስለቀረለት ተግባራዊ ጥቅም አግኝቷል ተባለ። እሺ። ታዲያ ፎክስ እና ቢር፣ 1884 ለምን ሌላ ሆነ? ዶክተሩ 2,090 ፓውንድ የፍርድ ዕዳ ነበረባቸው፣ ወይዘሮ ቢር በየጊዜው እየከፈልክ ከጨረስክ ሌላ አልጠይቅም አሉ፣ ዶክተሩ ከፍለው ጨረሱ፣ ወይዘሮዋ ወለዱን ጠይቀው አሸነፉ። እዚያም ቢሆን ባለዕዳው እየከፈለ መሆኑ ለአበዳሪዋ ተግባራዊ ጥቅም አልነበረም?

ካርዱን በረሳሁት ቁጥር በራሴ ተናደድኩ፣ በኋላ ግን ጥፋቱ የካርዱ መሆኑ ገባኝ። ሦስቱን በተናጠል ነበር የጻፍኳቸው፣ ችግሩ ያለው ግን መካከላቸው ላይ ነው። «ተጨማሪ ለመክፈል ቃል መግባትና ትንሽ ለመቀበል ቃል መግባት ለምን ተለያዩ?» ብዬ አንድ ካርድ ሠራሁ። መልሱ፦ ፎክስ የያኔው የበላይ ፍርድ ቤት የጌቶች ምክር ቤት ፍርድ ነው፣ ሮፊ የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው፣ የታችኛው የላይኛውን መሻር አይችልም፤ ሲሌክትሙቭ በሚባለው ኬዝ ላይም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ራሱ የሮፊን መርህ ወደ ዕዳ አላሻግርም ብሏል። ባለዕዳው መጠለያ ከፈለገ ሌላው ያመነበትን ቃል ማጠፍን ወደሚገድበው ኬዝ፣ ሃይ ትሪስ፣ 1947 ጋ ይሂድ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ካርድ አንዴም አላስቸገረኝም።

አንኪ የማይሰጣችሁ ነገር መጻፍ ነው። የኬዝ ጥያቄ ላይ ሦስት ሰዎች፣ አምስት ኢሜይልና አንድ የጠፋ ደብዳቤ ይሰጧችኋል፣ ያንን ፈትቶ ቅደም ተከተል ማስያዝ በካርድ አይለመድም። እኔ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ካርድ፣ ማታ አንድ የድሮ ፈተና ጥያቄ ሰዓት ይዤ በእጅ መጻፍ አደረግኩ። ስጽፍ ያጣሁት ኬዝ በማግስቱ አዲስ ካርድ ይሆናል። ሁለቱ እንዲህ ሲመጋገቡ ነው መተግበሪያው ዋጋ የሚኖረው፤ ካርድ ብቻ ያጠና ሰው የኬዝ ስም ይደረድራል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም።

የአዲስ ካርዶችን ቁጥር ደግሞ ቀንሱት። ሲጫን በቀን 20 ተብሎ ነው የሚመጣው፣ ለሕግ ይበዛል። 20 አዲስ ካርድ ዛሬ ቀላል ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የሚከለሰው ይከመርና አንድ ቀን ከዘለላችሁ ማግስቱን መክፈት ያስጠላል። እኔ 10 ላይ አድርጌው አንድም ቀን አልዘለልኩም። ፈተናው ሦስት ቀን ከቀረው ሰው ግን አይጀምረው፣ ለዚያ አልተሠራም፤ ቁጭ ብሎ የድሮ ጥያቄ ቢሠራ ይሻለዋል።

ቶርት፣ ማለትም ከውል ውጭ የሚደርስ ጉዳት ሕግ፣ የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር ነው። ባዶ ዴክ ከፍቼ ዛሬ የመጀመሪያዎቹን አራት ካርዶች ጽፌያለሁ።