ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን

እዚህ ባሕር ዳር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ ነርስ አለች። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም፤ ሥራዋን ግን ሰው ይወቅልኝ።

እናቴ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባት 6 ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር የምትከታተለው። በሄድን ቁጥር ቁጣ ነው፦ «ለምን ከፍ አለ? ምን በላሽ?» የምመልሰው እኔ፣ ክኒኑን የምቆጥረው እኔ። በመጨረሻ እማዬ መድኃኒቱን ተወችው።

ሲስተር ዘንድ በገባን ቀን እንደ ልማዴ ልመልስ ስል «ቆይ እህቴ፣ እማማ ይንገሩኝ» አለችኝ። እማዬ ለእኔ እንኳ ያልነገረችውን አወጣች፦ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒኗ ሆዷን ያገላብጣት ነበር፤ በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት ስትጾም ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሲስተር አልተቆጣችም። ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር ይዋጡት አለቻት። ላቡና መንቀጥቀጡ ስኳሩ ሲወርድ የሚመጣ መሆኑን፣ ሌላኛውን የስኳር ክኒኗን ግሊቤንክላሚድን ውጦ ሳይበሉ መዋል እንደሚያወርደው አስረድታ፣ ከሚቀጥለው ጾም በፊት መጠኑ እንዲታይላት ራሷ ሐኪሙ ዘንድ ይዛት ገባች። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ጾምም ቢሆን 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን ከብርና ከስልክ ታውቃለች። ሲስተር መለኪያውን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ሰጥታ፣ የጣቷን ጎን ራሷ እስክትወጋ ታግሳ ጠበቀቻት። ጠዋት በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ከሆነ ጥሩ ነው አለቻት። አሁን «ዛሬ 118!» ብላ የምትጠራኝ እሷ ናት።

ከሁሉ የማልረሳው የእግሯን ነገር ነው። እማዬ ጊዮርጊስን የምትሳለመው ከግቢው በር ጀምሮ በባዶ እግሯ ነው። የባሕር ዳር ፀሐይ ድንጋዩን እንዴት እንደሚያግለው ታውቃላችሁ፤ እግሯ ደግሞ ደንዝዟል። ሲስተር «ይቅርብዎ» አላለችም። ጫማዎን መቅደሱ ደጃፍ ሲደርሱ ያውልቁ፣ ካልሲ ያድርጉ፣ ማታ ማታ የውስጥ እግርዎን በመስታወት ይዩ አለቻት። ጎንበስ ብላ በእማዬ የእግር ጣቶች መሐል እንዴት እንደሚደረቅ በእጇ አሳየቻት። በዚያው ሰሞን እማዬ ምንም ያልተሰማትን ቁስል በመስታወቱ አገኘች፤ በማግስቱ ሄደን ሳይብስ ታከመ።

ሲስተር፣ ይህን ካየሽው እናቴ በየኪዳኑ ስምሽን ታነሳለች።

የስኳር ታማሚ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ስለምትቆይ ወረፋው ይረዝማል፤ በጠዋት ድረሱ። ደግሞ ታማሚውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ መድኃኒት ተቀብሎ እንዲመጣ ልጅ አትላኩ።