ልብ ወለድና የነፍሳት ትምህርት፦ የሐር ትል በክፍል ማርባት ወይስ ጉንዳን በግቢ መመልከት?

ነፍሳት ገጸ ባሕርያት የሆኑበትን የልጆች ልብ ወለድ ከሳይንስ ጋር አጣምረው ለማስተማር የሚያስቡ የአራት ኪሎና የፒያሳ አካባቢ መምህራን ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለት መንገዶች አንዱን ለመምረጥ ይቸገራሉ።

ወጪ፦ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ለአንዱ ካርቶን፣ ለሌላው አጉሊ መነጽር ይበቃል።

ድካም፦ የጉሎ ቅጠል የሚመገበው የሐር ትል በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ይፈልጋል፤ ቅዳሜና እሑድም አይጾምም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ በመሆኗም እድገቱ ስለሚዘገይ፣ የንባቡን ምዕራፎች ከትሉ ጋር እኩል ማስኬድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጉንዳን ግን ቀለብተኛ አይደለም።

ስጋት፦ የጉሎ ፍሬ መርዛማ ስለሆነ ቅጠሉን ተማሪዎች ሳይሆኑ መምህሩ ቢያመጣ ይሻላል። በግቢው በኩል የሚያሰጋው ንክሻ ነው።

ከንባቡ ጋር መስማማት፦ በእኔ ግምት ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው። ትሉ 4 ጊዜ ቆዳውን ቀይሮ፣ በራሱ ሐር ተጠቅልሎ፣ በመጨረሻ የእሳት እራት ሆኖ ሲወጣ ያየ ልጅ የገጸ ባሕርዩን መለወጥ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በሌላ በኩል፣ በልብ ወለዱ እንደ ሰው የሚነጋገሩት ጉንዳኖች በእውኑ ዓለም በጠረን እንደሚመሩ ለማሳየት መሄጃቸውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃል፤ ሰልፉ ወዲያው ይደናገራል። (ታሪኩ ውስጥ ሸረሪት ካለች፣ 8 እግር ስላላት ከነፍሳት እንደማትመደብ መናገር ያስፈልጋል።)

ክፍሉ በፈረቃ ለሌሎች ተማሪዎች የሚለቀቅ ከሆነ ግቢው ይመረጣል። የራሱ ክፍልና ረዘም ያለ የንባብ ጊዜ ላለው መምህር ግን የሐር ትሉ ድካሙን ይክሳል።