ለሳሶዎቼ ያሠራሁት መወጣጫ

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ሽለምጥማጥና የክረምት ጎርፍ ቢያስቸግሩኝ የዶሮ ቤቴን ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ አሠራሁት። የአበሻ ዶሮዎቼ ዘለው ይገባሉ፤ ሳሶ የሚባሉት ከባድ የውጭ ዝርያ ዶሮዎቼ ግን ማታ ማታ ከበሩ ሥር ተኮልኩለው ይቀሩ ነበር። ጠዋት ሲወርዱም በደረታቸው ይወድቃሉ፤ የአንዷ የውስጥ እግር አብጦ ሳምንት ሙሉ ስታነክስ አንጀቴን በላችው።

የሰፈራችን አናጺ መጀመሪያ የሠራልኝ መወጣጫ 1 ሜትር ብቻ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ በመላጊያ የለሰለሰ፣ ዝናብ ሲነካው የሚያንሸራትት። አንዲትም ሳሶ አልረገጠችውም። መለስኩለት። ሳያጉረመርም ርዝመቱን 2 ሜትር አድርጎ፣ ያልተላገ ጣውላ መርጦ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ርብራብ መታበት። አሁን ጥፍራቸው የሚቆነጥጠው ነገር አገኘ። የሁለት ምስማሮች ጫፍ ወደ ላይ ወጥቶ ማግኘቴ ግን አሳዝኖኛል፤ የዶሮ እግር ሲወጋ ቶሎ ያመረቅዛልና በመዶሻ ደፈጠጥኳቸው።

ሦስት ምሽት በርብራቦቹ ላይ በቆሎ እየበተንኩ አለማመድኳቸው። በአራተኛው ትልቋ ሳሶ ቀድማ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ቆሜ አየኋቸው፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሲመሽ መወጣጫውን አነሣዋለሁ፤ አለዚያ ሽለምጥማጡም ይወጣበታል።