የአክታ ናሙና መያዣው ሳጥን፦ መጀመሪያ መሃሉን ክፈቱ

ባለፈው ክረምት ከጤና ጣቢያችን ለጂን ኤክስፐርት (የሳንባ ነቀርሳ መለያ) ምርመራ የላክነው አክታ መንገድ ላይ ፈሶ ደረሰ። ተቀባዩ ላቦራቶሪ አልመረምርም አለ፤ ልክ ነው። እኔ ግን ለአንዲት እናት ደውዬ «እማማ፣ እንደገና ይምጡ» ማለት ነበረብኝ። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጥተው ነበር የሰጡን። ያን ቀን ምሳ አልወርድ አለኝ።

አሁን አዲስ ሳጥን መጥቶልናል። ሦስት ወር ተጠቀምኩበት።

አክታው ያለበት ፋልኮን ቱዩብ (ባለ ክዳን የፕላስቲክ ብልቃጥ) ክዳኑ የሚጠመጠም የፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው ደግሞ ጠንካራው የውጭ ሳጥን ውስጥ። ሰው የሚያየው የውጩን ነው፤ ቀለሙን፣ ማንገቻውን። እኔ መጀመሪያ የምከፍተው ጣሳውን ነው። ቱዩቡ ቢሰነጠቅ ናሙናውን የሚያደርሰውን ሞተረኛ የሚጠብቀው እሱ ነዋ! የዚህኛው ክዳን የጎማ ቀለበት አለው። የድሮው አልነበረውም።

ውጩ ላይ «ዩኤን 3373» የሚል ምልክት አለ፤ ለምርመራ የሚላክ የሕመምተኛ ናሙና የሚለይበት ዓለም አቀፍ ቁጥር ነው። ይህን ምልክት የያዘ ጥቅል ከ1.2 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ ከቱዩቡ ምንም መፍሰስ የለበትም። ቱዩቡ ወይም ጣሳው ደግሞ የ95 ኪሎ ፓስካል የግፊት ልዩነት ሳያፈስ መቻል አለበት። የግፊቱን መለካት አልችልም። መጣሉን ግን ሞከርኩት። ግድግዳው ላይ 1.2 ሜትር ለክቼ አሰመርኩ። ቱዩቡን በቀይ ውሃ ሞላሁ፤ ክፉውን ለማየት ክዳኑን ሆን ብዬ አላላሁት። ከዚያ ሳጥኑን ሲሚንቶ ላይ ለቀቅኩት፦ በጠፍጣፋው፣ በጠርዙ፣ በማዕዘኑ። ስከፍተው ውሃው ከቱዩቡ ወጥቷል። በቱዩቡ ዙሪያ የተጠቀለለው ጨርቅ ግን ሁሉንም መጥጦታል። ከጣሳው ውጪ ጠብታ የለም። የፋብሪካን ፍተሻ አይተካም፤ ልቤን ግን አሳረፈልኝ።

የማይመቸኝም አለ። አይስ ፓክ ከሁለት በላይ አይገባም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ቴርሞሜትሩ 11 ዲግሪ አሳየኝ፤ እኛ የምንፈልገው ከ2 እስከ 8 ነው። አሁን በጠዋት ብቻ ነው የምልከው። ለመጠየቂያ ፎርሙም ኪስ የለውም። ወረቀቱ ከጣሳው ውጪ መቀመጥ ስላለበት የአይስ ፓኩ ውሃ ያረጥበዋል። በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀለበቱ ነው። በበረኪና ደጋግመን ስናጸዳው ይደርቃል፤ የእኛ አንዱ መሰንጠቅ ጀምሯል። ተለዋጭ አብሮ አልመጣም። ግዢው በእጃችሁ ከሆነ፣ ተለዋጭ ቀለበት ሳይቆጠርላችሁ ሳጥኑን አትረከቡ።